ፖርታል 2ን ለሁለት መጫወት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህን ጌም ከወዳጃቸው ጋር ሊጀምሩ ያሰቡ ሰዎች የሚያነሷቸው ጥያቄዎች በአብዛኛው ተመሳሳይ ናቸው። ከሁሉ ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው «ይከብዳል ወይ?» የሚለው ሲሆን፣ ተጫዋቾች በሚሰጡት መልስ ከቶ አይስማሙም። እኔም ከአክስቴ ልጅ ጋር፣ እኔ አዲስ አበባ እሱ ፍራንክፈርት ሆነን፣ ከመጀመሪያው ክፍል እስከ መጨረሻው ተጫውተነዋል። ከዚህ በታች ያለው መልስ ከዚያ ልምድና ሌሎች ተጫዋቾች ደጋግመው ከሚሉት የተውጣጣ ነው።

የሁለት ሰው ጨዋታው ከዋናው ታሪክ በምን ይለያል?

ፖርታል 2 ቫልቭ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2011 ያወጣው የእንቆቅልሽ ጌም ነው። ተጫዋቹ የሚይዘው መሣሪያ ጥይት አይተኩስም፤ ግድግዳ፣ ወለል ወይም ጣሪያ ላይ ሁለት በሮችን ይከፍታል፣ በአንዱ የገባም በሌላው ይወጣል። በ2007 የወጣው የመጀመሪያው ፖርታል የተሠራው ለአንድ ሰው ብቻ ነበር። ሁለተኛው ግን ከአንድ ሰው ታሪኩ ሌላ፣ የራሱ ገጸ ባሕርያትና የራሱ የሙከራ ክፍሎች ያሉት የሁለት ሰው ጨዋታ ይዞ መጣ። አንዱ ተጫዋች አትላስ የተባለውን ድቡልቡል ሮቦት፣ ሌላው ፒ-ቦዲ የተባለውን ረጅምና ቀጭን ሮቦት ይዞ ይጫወታል። የአትላስ በሮች ሰማያዊና ሐምራዊ፣ የፒ-ቦዲ ደግሞ ብርቱካናማና ቀይ ናቸው። ባልደረባዎ በከፈተው በር መግባት ይችላሉ፤ የእርስዎን በር ከእሱ በር ጋር ማገናኘት ግን አይችሉም። ነገሩ ሁሉ የሚወሳሰበው ከዚህች ትንሽ ሕግ ነው፤ በክፍሉ ውስጥ አራት በሮች ሲኖሩ የትኛው የማን እንደሆነና የት እንደሚያደርስ ሁለታችሁም በአእምሮ መያዝ አለባችሁ።

በእርግጥ ከባድ ነው? ተጫዋቾች በዚህ ላይ ለምን አይስማሙም?

ሁለት ወገን አለ። አንደኛው «ሁለት ጭንቅላት ስላለ ከአንድ ሰው ታሪኩ ይቀላል» ይላል፤ ሌላው ደግሞ «በጌሙ ውስጥ ካሉት እንቆቅልሾች ሁሉ የሚከብዱት እዚህ ናቸው» ይላል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። የሚለያዩት የተጫወቱበት ሁኔታ ስለሚለያይ ነው።

አሠራሩን ማወቅ ይህን ለመረዳት ይረዳል። የቫልቭ ሠራተኞች ክፍሎቹን ሲሞክሩ፣ አንድ ሞካሪ በሁለት በሮች ብቻ፣ ማለትም የባልደረባውን በሮች ሳይጠቀም ጨርሶ የሚወጣበትን መንገድ ካገኘ፣ ያ ክፍል እንደገና እንዲሠራ ወደ ነዳፊዎቹ ይመለስ ነበር። ስለዚህ በዚህ ጨዋታ ውስጥ አንዱ ጎበዝ ሌላውን ጎትቶ የሚያልፍበት ክፍል እንዳይኖር ሆን ተብሎ ተሠርቷል። አንዱ መፍትሔውን ቢያየው እንኳ የመፍትሔው ግማሽ ያለው በሌላው እጅ ነው፤ ሌላው ያላየውን ደግሞ ሊሠራው አይችልም።

እንግዲህ ክብደቱ ያለው በማሰቡ ላይ ብቻ አይደለም፤ ያሰቡትን ለሌላ ሰው በማስረዳት ላይም ነው። «እዚያ ጋ በር ክፈት» የሚለው ዓረፍተ ነገር አራት ግድግዳና አንድ ጣሪያ ባለው ክፍል ውስጥ ምንም አይነግርም። እኔና የአክስቴ ልጅ በሁለተኛው ኮርስ (ክፍሎቹ የተመደቡት ኮርስ በሚባሉ ምድቦች ነው) አንድ ክፍል ላይ ለረጅም ጊዜ ቆመን የቀረነው መፍትሔው ጠፍቶን አልነበረም። ሁለታችንም አግኝተነው ነበር፤ ነገር ግን «ግራ» ስል እኔ የራሴን ግራ፣ እሱ የራሱን ግራ ነበር የምናየው፤ ፊት ለፊት ቆመን መሆኑን ያስተዋልነው ዘግይተን ነው። ከዚያ ቀን በኋላ ግራና ቀኝ የሚሉትን ቃላት ትተን «ጨረሩ ባለበት በኩል»፣ «በገባንበት በር በኩል» ማለት ጀመርን፤ ጨዋታውም በግማሽ ቀለለ።

በሐሳብ መግባባት የለመዱ ጥንዶች፣ ለምሳሌ አብረው ያደጉ ወንድማማቾች ወይም አብረው የሚሠሩ ሰዎች፣ ቀላል ነው ማለታቸው የሚጠበቅ ነው። በአጋጣሚ ከተገናኘና ማይክራፎን ከሌለው ሰው ጋር የገባ ተጫዋች አስቸጋሪ ነው ቢል ደግሞ አልፈርድበትም።

የአንድ ሰው ታሪኩን አስቀድሜ መጨረስ አለብኝ?

ግዴታ አይደለም፤ ጌሙም አይከለክልም። እኔ ግን አስቀድመው እንዲጨርሱ አጥብቄ እመክራለሁ። የሁለት ሰው ታሪኩ የሚካሄደው ከአንድ ሰው ታሪኩ ፍጻሜ በኋላ ስለሆነ አስቀድሞ መግባት የታሪኩን ጣዕም ያጠፋል። በተጨማሪም የሚረገጠው የብርሃን ድልድይ፣ ሰውን በአየር ላይ የሚወስደው ተሸካሚ ጨረርና ጄሎቹ፣ ማለትም የሚያነጥሩና የሚያፈጥኑ ባለ ቀለም ፈሳሾች፣ በአንድ ሰው ታሪኩ ውስጥ እየተለማመዱ የሚገቡባቸው ነገሮች ናቸው። በሁለት ሰው ጨዋታው ትምህርቱ በጣም አጭር ነው።

ከማን ጋር ብጫወት ይሻላል?

በዚህ ጥያቄ ላይ የተጫዋቾች አስተያየት ከሞላ ጎደል አንድ ነው፤ እኔም ከልቤ እስማማለሁ፤ እንደ እርስዎ አዲስ ከሆነ ሰው ጋር ይጫወቱ። ጌሙን አስቀድሞ ከጨረሰ ሰው ጋር የተጫወቱ ሰዎች የሚያቀርቡት ቅሬታ ሁልጊዜ ተመሳሳይ ነው። የሚያውቀው ሰው መጀመሪያ ዝም ይላል፤ ቀጥሎ ቆሞ ይጠብቃል፤ ከዚያ በሩን «እንዲያው ለፍንጭ ያህል» ትክክለኛው ቦታ ላይ ይከፍተዋል። በዚያች ቅጽበት እንቆቅልሹ አለቀ። እንቆቅልሽ ደግሞ አንዴ ከተፈታ ድጋሚ አይፈታም፤ የተወሰደው ደስታ አይመለስም።

ከሚያውቅ ሰው ጋር ከመጫወት ሌላ ምርጫ ከሌለ፣ አዋቂው ራሱን የሚገዛበት አንድ ደንብ አለ፤ አዲሱ ተጫዋች «እዚህ ክፈት» ካላለው በስተቀር ምንም በር አለመክፈት። እጁን ሰጥቶ አእምሮውን መያዝ ማለት ነው። የአክስቴ ልጅ ታናሽ እህቱን ያስጨረሳት በዚህ መንገድ ሲሆን፣ እሷ ዛሬም ክፍሎቹን ሁሉ የፈታችው ራሷ እንደሆነች ትናገራለች፤ እውነትም ነው።

የችሎታ ልዩነትስ? በሌሎች ጌሞች በእጅ ፍጥነት የሚበልጥ ሰው ደካማውን ያሰለቸዋል። እዚህ ግን የሚሞት ሮቦት ወዲያው ተገጣጥሞ ይመለሳል፤ የሚቆጠር ነፍስ የለም፣ ከሞት በኋላም ክፍሉ ከመጀመሪያው አይጀምርም። ጌም ነክቶ የማያውቅ ሰው በመጀመሪያው ምሽት መራመድና ዙሪያውን መመልከት ይቸግረዋል፤ በሁለተኛው ምሽት ግን ልዩነቱ ብዙም አይታወቅም።

ማይክራፎን ወይም ጥሩ ኢንተርኔት ከሌለ መጫወት ይቻላል?

ይቻላል፤ ለዚሁ የተሠሩ መሣሪያዎች አሉ። አንደኛው ጠቋሚው ነው፤ የትኛውንም ቦታ አነጣጥረው ሲጫኑት ለባልደረባዎ በዚያው ቦታ ላይ ምልክት ይታየዋል። ሁለተኛው ቆጣሪው ነው፤ ሁለታችሁም አንድ ላይ መዝለል ወይም ቁልፍ መጫን ሲኖርባችሁ በሁለቱም ስክሪን ላይ እኩል የሚቆጥር ሰዓት ያስነሣል። ሦስተኛው የባልደረባዎን ዕይታ በራስዎ ስክሪን ላይ በትንሽ መስኮት ማየት ሲሆን፣ ብዙ ሰው መኖሩን ሳያውቅ ጌሙን ይጨርሳል፤ ይህ በጣም ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም «የቱ ጋ ነው የምትለኝ?» ለሚለው ጥያቄ ከሁሉ የተሻለው መልስ እሱ ነው።

ኢንተርኔቱ ሲዘገይ የሚጎዳው ማሰብን ሳይሆን ቅጽበትን ነው። ቆመው የሚፈቱ ክፍሎች ላይ ምንም ችግር የለም። በአየር ላይ እያሉ በር መክፈት በሚጠይቁት ላይ ግን ተኩሰውት በሩ ዘግይቶ ሲከፈት፣ ሮቦቱ ቀድሞ ከታች ያለው ገዳይ አሲድ ውስጥ ይገባል። እኛ በዚህ ጊዜ መላ ያገኘነው ሥራ በመለዋወጥ ነበር፤ የተሻለ መስመር ያለው ሰው በሩን ይከፍታል፣ ሌላው ይወረወራል።

የትኛው ኮርስ ነው የሚከብደው?

መጀመሪያ ሲወጣ አምስት ኮርሶችና በድምሩ 39 ክፍሎች ነበሩት። የመጀመሪያው ኮርስ 6 ክፍሎች ያሉት ማለማመጃ ስለሆነ አልፌዋለሁ።

ሁለተኛው ስለ ክብደትና ፍጥነት ነው። ከከፍታ የወደቀ አካል በበር ሲገባ ፍጥነቱን ይዞ ይወጣል፤ የሚለወጠው አቅጣጫው ብቻ ነው። ስለዚህ እርስዎ ከጫፉ ላይ ቆመው ባልደረባዎ ከታች ወለሉ ላይ አንድ በር፣ ግድግዳው ላይ ሌላ በር ሲከፍት፣ ዓይንዎን ጨፍነው ዘልለው ሲወድቁ በግድግዳው በር ተወርውረው አሲዱን ተሻግረው ይወርዳሉ። ዘልሎ መውደቁ ቀላል ነው፤ ሌላው ሰው በሩን በቦታው እንደከፈተ አምኖ መዝለል ግን ልምድ ይፈልጋል።

ሦስተኛው፣ የብርሃን ድልድይ ያለበት ኮርስ፣ ለእኔ ከሁሉ የላቀው ነው። ድልድዩ ከግድግዳ የሚወጣ፣ የሚረገጥ ሰማያዊ ብርሃን ነው። ወለሉ ላይ በተከፈተ በር ሲያልፍ ግን ቀጥ ብሎ ይቆምና ግድግዳ ይሆናል። «ፍሊንግ ብሎክ» የሚባለውን ክፍል እንመልከት። አንዱ ተጫዋች በፍጥነት ተወርውሮ መድረስ ያለበትን ሰገነት አልፎ ይሄዳል። መፍትሔው አሳንሶ መወርወር አይደለም፤ ሌላው ተጫዋች ድልድዩን በበር አሳልፎ በመንገዱ ላይ ቀጥ አድርጎ ማቆሙ ነው። የተወረወረው ከብርሃኑ ጋር ተጋጭቶ ቁልቁል ሰገነቱ ላይ ይወድቃል። መጀመሪያ ሲያዩት «ወዳጄን በግድግዳ መምታት መፍትሔ ነው» ብሎ የሚያስብ የለም። ሐሳቡ ሲመጣ ግን ሁለታችሁም በአንድ ጊዜ ትጮኻላችሁ። ያው ድልድይ ከተኳሽ ማሽኖች ጥይት መከለያ ጋሻ የሚሆንበትም ጊዜ አለ፤ አንዱ ጋሻውን እያንቀሳቀሰ ሌላው ከኋላው ይራመዳል።

አራተኛው ተሸካሚ ጨረር ያለበት ሲሆን አስተያየት በጣም የሚከፋፈልበትም እሱ ነው። ጨረሩ ሰውን በአየር ላይ በቀስታ ይወስዳል፤ ሌላው ደግሞ ቁልፍ ተጭኖ አቅጣጫውን ይገለብጠዋል። ብዙዎች «ተሸክሞኝ እስኪያደርሰኝ ድረስ መጠበቁ ያሰለቻል» ይላሉ፤ ልክ ናቸው። በአንጻሩ እርስ በርስ መተማመንን የሚፈትን ሌላ ኮርስ እንደዚህ የለም፤ ከአሲድ በላይ ተንሳፍፈው ሳለ ባልደረባዎ በሩን በስሕተት ሌላ ቦታ ቢከፍተው በቀጥታ ይወድቃሉ።

አምስተኛው የጄሎቹ ነው፤ ሰማያዊው ያነጥራል፣ ብርቱካናማው ያፈጥናል። እጅ ፈጣን መሆን የሚጠይቀው በዋነኛነት እዚህ ላይ ሲሆን፣ በተለይ «ፕሮፐልሽን ክራሸርስ» በተባለው ክፍል በከፍተኛ ፍጥነት እየሮጡ በጨፍላቂ ማሽኖች መካከል ማለፍ ስለሚያስፈልግ ብዙ ሮቦት ይሰባበራል። መፍትሔውን አውቀው በመፈጸም ላይ የሚቸገሩ ሰዎች ቅሬታ የሚመጣው ከዚህ ነው፤ ትክክለኛ ቅሬታ ይመስለኛል።

ስንጣበቅ መፍትሔውን ከኢንተርኔት ብናይ ምን ችግር አለው?

አታዩ። ስለ ሕግ ብዬ አይደለም፤ ክፍሎቹ የተሠሩት በአብዛኛው ሁለቱ ተጫዋቾች እንዲተያዩ ተደርገው ስለሆነና የሚያስፈልገው ሁሉ ፊታችሁ ስላለ ነው። ከማየት በፊት ሦስት ነገር ይሞክሩ። መጀመሪያ ሁለታችሁም በሮቻችሁን ሁሉ አጥፉና ክፍሉን እንደ አዲስ ተመልከቱት። ቀጥሎ በር ሊከፈትበት የሚችለውን ነጭ ገጽ እየዞራችሁ ቁጠሩ፤ ያልተጠቀማችሁበት ነጭ ገጽ ካለ ብዙውን ጊዜ መልሱ እዚያ ነው። በመጨረሻም ቦታ ተለዋወጡ። ግማሽ ሰዓት ሙሉ አንዱ ላይኛው ሰገነት ላይ ሌላው ታች ቆይተው ሲቀያየሩ አዲሱ ሰው በደቂቃ ውስጥ የሚያየው ነገር አለ። ይህም ካልሠራ አጥፍቶ መተኛት ነው፤ እኛ ሁለት ክፍሎችን የፈታናቸው በማግስቱ ነው።

ሮቦቶቹን የምታዝዘው ድምፅ ለምን ታጣላናለች?

ግላዶስ የተባለችው የማሽን ገጸ ባሕርይ፣ ድምፅዋን የሰጠችው ኤለን መክሌን ስትሆን፣ አንዱን ታመሰግንና ሌላውን ትሰድባለች፣ ነጥብ ትሰጣለች፣ ትነሣለች። ነጥቡ በጨዋታው ላይ ምንም ለውጥ አያመጣም። አንዳንዶች ይህ ነገር ሰልችቷቸው «ሥራችንን እንድንሠራ ብትተወን» ይላሉ። ለእኔ ግን በደንብ የታሰበበት ነው፤ ሁለት ሰዎች በግልጽ ሊለያያቸው የሚፈልግ ሦስተኛ ሲኖር ይበልጥ ይቀራረባሉ።

እንግሊዝኛ በደንብ የማይችል ሰው ይጫወተዋል?

ያለ ችግር። ጌሙ በአማርኛ አልተተረጎመም፤ የግላዶስ ቀልድም ያመልጠዋል፤ ያ ጉዳት እንደሆነ አልክድም። እንቆቅልሾቹ ግን በምልክትና በዓይን የሚነበቡ ናቸው፤ ሁለቱ ሮቦቶችም ቃል አይናገሩም፣ በድምፅና በእጅ ምልክት ብቻ ይግባባሉ። እርስዎና ባልደረባዎ በአማርኛ እያወራችሁ ስለምትፈቱት ዋናው ንግግር የራሳችሁ ነው።

ተጫዋቾች በብዛት የሚያማርሩት በምንድን ነው?

ጌሙ የተቺዎችን ነጥብ በሚያሰባስበው ሜታክሪቲክ ድረ ገጽ ላይ ያገኘው አማካይ 95 ከ100 ቢሆንም ቅሬታ አልጠፋም። መጀመሪያ በወጣበት ቀን ለሮቦቶቹ ኮፍያና የእጅ ምልክት በገንዘብ የሚሸጥበት መደብር ስለነበረው ብዙ ሰው ተቆጥቷል፤ ሙሉ ዋጋ ተከፍሎበት ሳለ ተጨማሪ መሸጡ አግባብ አልነበረም። ዕቃዎቹ ግን ለጌጥ ብቻ የሚሆኑ ናቸው። ሌላው ቅሬታ ማጠሩ ሲሆን፣ ተግባብተው የሚጫወቱ ሰዎች በጥቂት ምሽቶች ይጨርሱታል።

አሮጌ ኮምፒውተር ይችለዋል? ሁለታችንም መግዛት አለብን?

ጌሙ የ2011 ስለሆነ ዛሬ በየቤቱ ያለ አብዛኛው ላፕቶፕ ይችለዋል፤ ለኮምፒውተር የተቀመጠው ዝቅተኛ መስፈርት 2 ጊጋባይት ራምና 8 ጊጋባይት ባዶ ቦታ ነው። በተለያየ ቤት ሆናችሁ በኢንተርኔት የምትጫወቱ ከሆነ ሁለታችሁም ጌሙ ሊኖራችሁ ይገባል። አንድ ቤት ውስጥ ከሆናችሁ ግን አንድ ጌም ይበቃል፤ ስክሪኑ ለሁለት ይከፈላል፤ ኮምፒውተር ላይ አንዱ በኪቦርድና በማውስ፣ ሌላው በጆይስቲክ ይጫወታል። ከ2022 ጀምሮ ከመጀመሪያው ፖርታል ጋር ተጣምሮ ለኒንቴንዶ ስዊችም ወጥቷል። ምርጫ ካለ፣ አንድ ሶፋ ላይ ተቀምጦ መጫወት ከሁሉ ይበልጣል፤ በጣት ማሳየት የትኛውም ጠቋሚ አይተካውም።

ስንጨርስስ?

በኦክቶበር 2011 በነፃ የተለቀቀው ተጨማሪ ክፍል «አርት ቴራፒ» የተባለ ስድስተኛ ኮርስ ከ9 አዳዲስ ክፍሎች ጋር አለው፤ ከአምስቱ ኮርሶች በኋላ ስለሚመጣ ብዙዎች ከሁሉ ከባዱ እሱ እንደሆነ ይስማማሉ። በዚያው ጊዜ የተጨመረው የፉክክር ዓይነት ደግሞ ያለፏቸውን ክፍሎች በአነስተኛ የበር ቁጥር ወይም በአጭር ጊዜ እንዲደግሙ ያደርጋል። ከ2012 ጀምሮ ተጫዋቾች ራሳቸው ክፍል የሚሠሩበት መሣሪያ ስላለ፣ ስቲም በተባለው የቫልቭ የጌም መደብር ላይ በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ክፍሎች ተለቅቀዋል፤ ለሁለት ሰው የተሠሩትን ለይቶ መፈለግ ይቻላል። ጥራታቸው በጣም ስለሚለያይ ከፍተኛ ድምፅ ካገኙት ይጀምሩ። እኔና የአክስቴ ልጅ አሁን ያለነው እዚህ ላይ ነው፤ እሱ በሥራ ቀናት ክፍል ይሠራል፣ እኔ ደግሞ ቅዳሜ ማታ ከሥራ ባልደረባዬ ጋር ገብቼ ለመፍታት እሞክራለሁ። ባለፈው ሳምንት የሠራውን እስከ አሁን አልፈታነውም።